ዘጠኝ ጉድጓድ ለሞያሌ

የኬንያና የኢትዮጵያ የድንበር ከተማ ሞያሌ የጎልፍ ሜዳ የላትም። የናይሮቢ መንግሥት ለሰሜኑ ያላደረገው እየተቆጠረ ስንት ዘመን ተወቅሷል፤ መንገዱ ዘገየ፣ ውሃው ጠፋ፣ ሐኪም የለም ተብሏል። ይህን ዋናውን በደል ግን አንስቶ ድምፁን ያሰማ የለም። ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ናኩሩ፣ ኪሱሙ ሁሉም ሜዳቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። አገሪቱ በጠቅላላው ወደ 40 የሚጠጉ ሜዳዎች አሏት፤ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው የኬንያ ኦፕን ውድድርም የአገሪቱን የቱሪዝም መለያ፣ ‹‹ማጂካል ኬንያ››ን፣ ከስሙ ፊት ለጥፎ ለዓለም ይወጣል። በዛሬው የቱሪዝም ሚዛን ‹‹ሲጎበኟት ሊጫወቱባቸው የሚገቡ ማራኪ የጎልፍ ሜዳዎች›› ተብሎ ዝርዝር ያልወጣላት ከተማ ከተማ አትባልም። ምስኪኑ እንግዳ ከኢሲዮሎ ተነስቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ጨርሶ ሞያሌ ሲደርስ የሚያገኘው የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ባጃጅና ፍየል ነው። ዱላውን የሚያወዛውዝበት አንድ ጋት ሣር የለም።

የእነዚህ ዝርዝሮች ጥበብ ከተማን ሳያዩ መጎብኘት ማስቻላቸው ነው። እንግዳው ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ አጥር ውስጥ ይገባል፤ ዱባይም ይሁን ማራካሽ ሣሩ ያው ሣር፣ ኳሷም ያችው ኳስ ናት። ‹‹ማራኪ እይታ›› የሚሉት ነገርም ከየትኛው ወገን እንደሚታይ አይጻፍም። በ1906 የተመሠረተውና በ1935 ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ‹‹ሮያል›› የሚል ማዕረግ ያገኘው የናይሮቢ ጎልፍ ክለብ ጎረቤቱ ኪቤራ የተባለው የድሆች ሠፈር ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ጆኒ ሚለር ቦታውን በድሮን ከሰማይ አንስቶታል፤ በአንድ በኩል ለስላሳ አረንጓዴ፣ በሌላው በኩል እርስ በርሱ የተደራረበ የዛገ ቆርቆሮ። ከወዲህ ሆነው ሲያዩት በእርግጥ ይማርካል። እኛም ብንሆን አንታማም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት ሰፊ ግቢ፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ አለ። ንጉሡ መሬቱን ለኳስ ማንከባለያ ብለው እንዳልሰጡ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ለሞያሌም ዘጠኝ ጉድጓድ ይገባታል። ከስፖርቱ ሌላ ለዲፕሎማሲም ይበጃል። ከተማዋ ለሁለት አገር የተከፈለች ናትና ጉድጓዶቹን አራት ተኩል አራት ተኩል መካፈል ይቻላል። ኳሷ ኬንያ ተመትታ ኢትዮጵያ ብታርፍ፣ የሁለቱ አገሮች መሪዎች በዲሴምበር 2020 በመረቁት የጋራ የድንበር ፍተሻ ጣቢያ ገብታ ማኅተሟን አስመትታ ትመለሳለች። የምትቀረጠው እንደ አዲስ ዕቃ ነው ወይስ እንደ አሮጌ የሚለውን የጉምሩክ ሰዎች ይወስኑ።

የቀረው ሣሩን ማጠጣት ብቻ ነው፤ ሒሳቡም ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ ሲፈስ 10 ሺህ ሊትር ይሆናል። ለዘጠኝ ጉድጓድ 20 ሄክታር ሣር እንበል። በዚያ ፀሐይ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ እንዲውል በደረቁ ወራት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ ድምሩ 1 ሚሊዮን ሊትር ነው። በሞያሌ መለኪያ ሲመነዘር 50 ሺህ ቢጫ ጀሪካን። ጀሪካኑን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ድሮ የምግብ ዘይት የነበረበት፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል የተወተፈ፣ ከጎረቤት እንዳይለዋወጥ ባለቤቱ ጎኑ ላይ በቀለም ምልክት ያደረገበት። ይኼን ጀሪካን ለጀሪካን አስጠግተው ቢደረድሩት ሰልፉ ከ12 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ 50 ሺህ ያስፈልጋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍና በኬንያ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ሲያልቅ ይህ ሜዳ ቢኖር ኖሮ፣ የሚሞተው ከብት ቢያንስ በአጥር ቀዳዳ የሚያየው አረንጓዴ ነገር አያጣም ነበር።

ማን ነው ሞያሌ ላይ ጎልፍ እንሥራ ያለው? የሚል አይጠፋም። እስካሁን ማንም። ግን የሐሳቡ ዘመዶች ሩቅ አይደሉም። በማርች 2012 የኬንያው ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገኝተው ባስጀመሩት ላፕሴት የተባለ የመሠረተ ልማት ፕሮጀክት፣ ከወደቡ፣ ከቧንቧውና ከሐዲዱ ጋር አብረው የታቀዱት ሦስት የመዝናኛ ከተሞች ናቸው፤ ላሙ፣ ኢሲዮሎና ቱርካና ሐይቅ ዳር። ከኢሲዮሎ ቀጥሎ ያለው መንገድ ደግሞ የት እንደሚያደርስ ካርታ ያየ ያውቀዋል።

ሌላው ተከራካሪ የሠለጠነው ነው። የዛሬ የጎልፍ ሜዳ የሚጠጣው ተጣርቶ የተመለሰ ፍሳሽ ነው ይላል። መልካም፤ ግን ፍሳሽ ለማጣራት መጀመሪያ የሚፈስ ውሃ ያስፈልጋል። በጀሪካን በሚኖር ቤት ልጅ የታጠበበት ውሃ ልብስ ያርሳል፣ ልብስ የታጠበበት ወለል ያብሳል፣ የተረፈው አቧራ ማስተኛ ይሆናል። ይህ ውሃ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አልቋል፤ ለአራተኛው ዙር ለጎልፈኛው የሚተርፍ ጠብታ የለም። ሣር ለምን ያስፈልጋል፣ በደረቅ አገር በዘይት የራሰ አሸዋ ላይ ጎልፍ ይጫወቱ የለም ወይ? የሚለውም እውነት አለው፤ ይጫወታሉ። በዚህ ከሄድን ግን በዚሁ መንገድ ላይ ካለችው ከቱርቢ እስከ ሞያሌ ያለው ምድር በሙሉ ከተፈጠረ ጀምሮ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ እስካሁን አንድም መጽሔት ‹‹ማራኪ›› ብሎት አላየንም።

ከሁሉ የሚከብደው የሥራ ዕድሉ ክርክር ነው፤ የዳቦ ነገር ስለሆነ አይሾፍበትም። ሜዳው ዘበኛ፣ ሣር አጫጅ፣ አስተናጋጅ፣ ከሁሉም በላይ ካዲ ይቀጥራል። የጎልፍ ሕግ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ እነዚያን በከረጢት አንግቶ ከኋላ የሚከተለው ካዲው ነው። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ይህን ሥራ ቢያገኝ አይጠላም፤ የራበው ሰው አይመርጥም። ነገር ግን በአንዲት ዱላ መቶ ከብት ሲነዳ የኖረን ሰው አንዲት የእንቁላል ያህል ኳስ ለሚነዳ ሰው 14 ዱላ ማሸከም ልማት ከተባለ፣ ቢያንስ ቃሉን እናሻሽለው።

ለጎልፍ መፍረድም ተገቢ ነው፤ ጨዋታው ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ስኮትላንድ ውስጥ ባሕር ዳር ባለው አሸዋማ መሬት ሣሩን ዝናብ ያጠጣው፣ በግና ጥንቸል ይግጠው ነበር። እዚያ ሰው በእረኛ መሬት ላይ፣ በጎቹ መሀል፣ ውሃ ሳያስቀዳ ይጫወታል፤ ምን ነውር አለው? ነውሩ የመጣው ዝናቡን እዚያው ትቶ ሣሩን ብቻ ይዞ ሲጓዝና በጉን ከአጥር ሲያስወጣ ነው።

የሞያሌ አካባቢ አርብቶ አደር የሆነው ቦረናም ሣር ማጠርን ከጎልፈኛ አይማርም። ካሎ የሚባል የታጠረ ግጦሽ አለው፤ ሜዳው ሲደርቅ እዚያ የሚገቡት ጥጃና መሄድ ያቃታት ደካማ ላም ናቸው። የጎልፍ ሜዳ ጥጃ የማይገባበት ካሎ ነው። ዘጠኝ ጉድጓድም ቢሆን ቦረና ከጥንት አለው። ቱላ የሚባሉ የውሃ ጉድጓዶች ናቸው፤ ‹‹ዘጠኙ ቱላዎች›› ብሎ ነው ሕዝቡ የሚጠራቸው። አንደኛው፣ ዱብሉቅ፣ ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከቱላዎቹ ጥልቁ 30 ሜትር ያህል ይወርዳል። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ፤ ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። እዚህ ነጥብ አይያዝም፣ ክለብ አባልነትም አይሸጥም።

እንግዲህ ሞያሌን ሊጎበኝ ያሰበ የጎልፍ አፍቃሪ ቢኖር 14ቱን ዱላ ቤቱ ትቶ ይምጣ። ዱብሉቅ ወርዶ ከሰንሰለቱ መሀል ይቁም፤ ባልዲ መቀበልና ማቀበል ከቻለ ክንዱ ለሌላውም እንደሚሆን ያውቃል። ለራሱ መጠጣት ሲያምረው ደግሞ አባ ሄሬጋውን ይጠይቅ፤ ተራው መቼ እንደሆነ ይነገረዋል።