ጥራት በአይሱዙ

ያስተማርኩበት ኮሌጅ ሕግ አክባሪ ነበር። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ሲነሣ ባለቤቱ ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር።

የዕውቅና ቁጥጥር ሲቃረብ ቤተ መጻሕፍታችን በአይሱዙ ይመጣል። ጠዋት ይወርዳል፣ ይደረደራል፤ ማታ ይጫናል። አንዱን መጽሐፍ ገልጬ ባየው የሦስት ኮሌጅ ማኅተም ተደራርቦበታል። ምቀኛ «ኪራይ ነው» ይል ይሆናል፤ እኔ ግን የዕውቀት ሽግግር ነው እላለሁ። አንድም ሰው ሳያነበው ይህን ያህል የተማረ ቤት የዞረ መጽሐፍ የት ይገኛል?

መምህራኑም እንዲሁ። ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸው አንድ ዶክተር ነበሩን፤ በፋይል። ፋይላቸው አርፍዶ አያውቅም፤ በአራት ኮሌጅ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው። ተማሪዎች «አንድ ቀን እንኳ እንያቸው» ቢሉ ዲኑ «መሥፈርቱ ይኑሩ ይላል እንጂ ይታዩ አይልም» አሉ።

የላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕ ከነላስቲኩ ነው። ተቆጣጣሪው «ለምን?» ቢሉ «ለንጽሕና» ተባሉ። ጻፉት።

እንከናችን አንድ ብቻ ነበር፤ ተማሪ። በ2015 ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ሲጀመር መልሱን በአይሱዙ ማስመጣት አልተቻለም። ባለቤቱ ክፉኛ አዘኑ፤ «ሁሉን አሟልተን ሳለ ልጆቹ ጉድ ሠሩን!»

አሁን ኮሌጁን ያለ ተማሪ ለማስቀጠል አስበዋል። ማመልከቻው በሦስት ኮፒ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ማኅተም ነው።