የአሮጌ መርሴዲስ ባለቤትነት፦ የመስክ ጥናት

አንድ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ እንዲሄድበት ታስቦ የተሠራ፣ በጊዜ ብዛት ግን ባለቤቱ ራሱ የሚነዳው፣ የሚያጥበውና አልፎ አልፎም የሚገፋው አውቶሞቢል በዚህ ጥናት «ነባር የሹም መኪና» ይባላል። ለናሙና የተመረጠው መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለዐሥር ዓመታት ያህል፣ ከነተዛማጆቹ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ያመረተው ደብልዩ 123 ሲሆን፣ ከእርሱም በናፍጣ የሚሠራው 240 ዲ ነው።

የ240 ዲ ሞተር በኋለኞቹ ምርቶች 72 የፈረስ ጉልበት አለው። ይሁንና አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሞተሩም ቱርቦ፣ ማለትም አየርን በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ ስለሌለው፣ ከፈረሶቹ ጥቂቶቹ አየር አጥሯቸው ሥራ ፈትተው ይኖራሉ። በእንጦጦ ዳገት ላይ የሚታየው ዝግታ ከዚህ የመጣ ሲሆን፣ ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋው ባለሚኒባስ ግን ነገሩን የባለቤቱ ኩራት አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ባለቤቱም ይህን ትርጓሜ ለማረም ሲቸኩል አልታየም።

የመኪናው ዋና ምሥጢር ቫኩም፣ ማለትም አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ቱቦ ነው። ሞተሩ የሚያሽከረክረው ፓምፕ አየር እየመጠጠ ፍሬኑን ያግዛል፤ ማዕከላዊ ቁልፍ በተገጠመላቸው ላይ በሮቹን በአንድ ጊዜ ይቆልፋል፤ ቁልፉ ሲመለስም ናፍጣውን ዘግቶ ሞተሩን ያጠፋል። ስለዚህ በኋላ በር ውስጥ የተሰነጠቀች አንዲት ላስቲክ ሞተሩን አልጠፋም ልታሰኘው ትችላለች፤ ባለቤቱ ቁልፉን ነቅሎ፣ ወርዶ፣ ኮቱን ካስተካከለ በኋላም ሞተሩ ሥራውን ይቀጥላል። መሐንዲሶቹ ይህን አስቀድመው በማሰብ ሞተሩ ላይ «ስቶፕ» የሚል ማንሻ ስላኖሩ፣ በሰርግ አዳራሽ ደጃፍ ሙሉ ልብስ ለብሶ ኮፈን ውስጥ ያጎነበሰ ሰው ሲታይ መኪና ተበላሽቶበታል ብሎ ማዘን አይገባም፤ እያጠፋ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ዝርያው ከውጭ የሚተካበት መንገድ የለም፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ የአንዱ ዕረፍት ለሌላው ዕድሜ ይሆናል። አንዱ ባለቤት በአንድ ሰሌዳ የአራት መኪና ዕቃ ይነዳል ማለት ነው።

በመኪናው አፍንጫ ላይ የቆመው ኮከብ ግን አላረጀም። የሆቴል ጥበቃ ከአዲሱ ቪትዝ ይልቅ ለኮከቡ ፈጥኖ በር ይከፍታል፤ መካኒኩም ያንኑ ኮከብ አይቶ ዋጋ ይጠራል፤ ሰላምታውና ሒሳቡ አብረው ስለሚያድጉ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። ብልህ ነን የሚሉ ባለቤቶች መኪናቸውን ከጋራዡ ራቅ አድርገው አቁመው፣ በእግራቸው ገብተው፣ ስለ አንድ ዘመዳቸው ቶዮታ ዋጋ ይጠይቃሉ። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ከማዕዘኑ ማዶ የቆመው ሞተር አልጠፋ እያለ እስከ ጋራዡ ስለሚሰማ፣ መካኒኩ ቀና ሳይል የመርሴዲሱን ዋጋ ይነግራቸዋል።