አዋጅ ቁጥር 6/8፦ የቡና ቤት ባንድ አባላትን ሰዓትና ጠባይ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ድራም ጮኾብህ ያልሰማህም እረፍት ላይ ጠይቅ!

ከጭላሎ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘውን አሰላን ዓለም የሚያውቃት በሯጮቿ በመሆኑ፤

የዚሁ አገር ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ድራመር ባለፈው ቅዳሜ 55 ደቂቃ መዘግየቱ ለአገሩ ስም የማይመጥን ሆኖ በመገኘቱ፤

የአርሲ ገበሬ ያመረተው ገብስ በአሰላ ብቅል ፋብሪካ ብቅል ሆኖ፣ ወደ ቢራ ፋብሪካ ተጉዞ፣ በጠርሙስ ታሽጎ ወደ እኛው ጠረጴዛ የሚመለስ በመሆኑ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ዞሮ በሰዓቱ የደረሰ ገብስ ሁለት ሰፈር አቋርጦ መምጣት ያቃተውን ጊታሪስት ሊጠብቅ እንደማይገባ ስለታመነበት፤

የቤቱ ባለቤት እትዬ “አንድ ልጅ ከአንድ ኪቦርድ ጋር ይበቃኛል” ማለት ስለጀመሩ፣ ኪቦርድም ድራሙን፣ ቤዙንና ሳክስፎኑን በሆዱ ይዞ የማይበላ፣ የማይጠጣና የማያኮርፍ በመሆኑ፣ ከእሱ የምንሻልበት ነገር ቢኖር ሰው መሆናችን ብቻ ስለሆነ፤

በአሰላ ከተማ ስሙ በማይጠቀስ አንድ ቡና ቤት መድረክ ላይ የምንቆም አምስት ሙዚቀኞች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ “የገመድ ጠቅልል አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ 6/8 የሆነው ከእሱ በፊት አምስት አዋጆች ወጥተው ሳይሆን በችክችካ ምት ስለተረቀቀ ነው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1. “ሦስት ሰዓት” ማለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ድራሙ ተገጥሞ፣ ማይኩ ተሞክሮ፣ ጊታሩ ተቃኝቶ ያለቀበት ሰዓት እንጂ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት አይደለም። የጭላሎ ብርድ ቅኝት ስለሚያዛባ፣ ቤት ውስጥ ተቃኝቶ የመጣ ጊታር እንደተቃኘ አይቆጠርም።

2. “መንገድ ላይ ነኝ” ማለት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ የሚነገር ቃል ነው። ከጀርባው የቧንቧ ውሃ ሲፈስ እየተሰማ የተነገረ እንደሆነ ፈራሽ ነው።

3. “አንዴ ብቻ ድገሙልን” ማለት ከሦስት የማያንስ ዘፈን ማለት ነው።

4. “አሊ ቢራ!” ማለት ዘፈን ተጠየቀ ማለት ነው። አስተናጋጇ ቢራ ይዛ ከመጣች ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የሚክሰሩ ነው። ጥላሁን ገሠሠን ብቻ አጥንቶ የአሊ ቢራን የማያውቅ ባንድ በአርሲ ግማሽ ቤት አስቀምጦ ግማሽ ቤት ያስጨፍራል።

5. “ቤዝ” ማለት ሲጫወት ማንም ልብ የማይለው፣ ሲያቆም ግን ወጥ ቤት ያለችው ሳትቀር “ምን ሆኑ?” ብላ ብቅ የምትልበት መሣሪያ ነው። “ታማኝ አባል” የሚለውም በዚሁ ይተረጎማል።

አንቀጽ 3። ስለ ጆሮ

1. ድምፃዊታችን ጉሮሮዋ ተዘግቶ ከለመደችው ዝቅ አድርጋ ከጀመረች፣ ባንዱ ሳይጠያየቅ ተከትሏት ይወርዳል። ትዝታ ተባብለን ገብተን እሷ ወደ ባቲ ከሄደች፣ የዚያ ምሽት ሕግ ባቲ ነው። በሕዝብ ፊት ዞሮ ማፍጠጥ ክልክል ነው።

2. የጊታር ሶሎ ከሁለት ዙር አይበልጥም። ጊታሪስቱ ዓይኑን ጨፍኖ ከሆነ የቅርቡ ሰው ክርኑን ይነካዋል።

አንቀጽ 4። ስለ ሽልማት

በግንባር ላይ የተለጠፈ ብር የግንባሩ ባለቤት ሳይሆን የባንዱ ነው። ድራመር ከድራሙ ኋላ የተቀመጠ፣ ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ግድግዳ የተደገፈ በመሆኑ ሸላሚ ግንባራቸውን አያገኘውም። ይህም ከድርሻቸው አያጎድልባቸውም። ላብ ያራሰው ብርም እንደ ደረቁ ይቆጠራል።

አንቀጽ 5። ስለ ጾምና ስለ ጥር

ሁዳዴ ሲገባ ግማሹ ደንበኛ፣ ረመዳን ሲገባ ሌላው ግማሽ ይቀራል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ከገጠሙ እኛና አስተናጋጇ እንቀራለን። በዚህ ጊዜ ለሦስት ሰው የሚጫወት አባል ለሦስት መቶ ሰው እንደሚጫወት ይጫወታል፤ ከሦስቱ አንዱ ልጁን የሚድር ሊሆን ይችላል። ጥር ገብቶ ሠርግ በበዛ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ሠርግ በአንድ ቀን ቃል መስጠት፣ ከዚያም አክስትን ገድሎ ከአንዱ መቅረት በጥብቅ የተከለከለ ነው። የጊታሪስታችን አክስቶች አልቀዋል።

አንቀጽ 6። ስለ መብራት

የዚህ ድንጋጌ መነሻ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት የሆነው ነገር ነው። ቤቱ ሞልቶ፣ ጭፈራው ደርቶ ሳለ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ዝም፣ ጊታሩ ዝም፣ ማይኩ ዝም። እኔ አርቃቂው እጄን አጣጥፌ “እንግዲህ ምን ይደረጋል” አልሁ። ጊታሪስቱ ስልኩን አወጣ፤ ለማብራት ሳይሆን ለመደወል። ቤዝ ተጫዋቹ ግን መሣሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ባዶ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና በመዳፉ መምታት ጀመረ። ፊት ለፊቱ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡትን ሰውዬ “ጋሼ፣ ጭብጨባው ከእርስዎ ነው” አላቸው። ጋሼ አጨበጨቡ። ጠረጴዛቸው ተከተለ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ድራመሩ ነቅቶ ገባበት፤ ድምፃዊታችንም ያለ ማይክ ተነሣች። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ሒሳብ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መብራት ሲመጣ ሰው ሁሉ ለድምፃዊታችን አጨበጨበ፤ እሱ ሳጥኑን ወደ ቦታው እየመለሰ ነበር።

ስለሆነም መብራት በሄደ ጊዜ “የእኔ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ነው” የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 7። ስለ አርአያዎች

1. ሌላዋ የአርሲ ልጅ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ መስመሩን ካለፈች በኋላ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞረዋል። ዘፈኑን ከሌሎቻችን ቀድሞ የሚጨርሰው ጊታሪስት መጠበቅን ከእሷ ይማር። ለእሱ ሜዳልያ እንደሌለም ይወቅ።

2. በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር የአዲስ አበባ የምሽት ቤቶች ሙዚቀኛና ታዳሚ እስከ ንጋት አብረው ይቆለፉ ነበር። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሰዓቱን የሚያይ አባል ይህን ያስብ።

3. በሒልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣም አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም መድረክ ላይ ሲጠራው እጁ አልዛገም። ባንድ ሳይኖረው፣ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር እንዲህ ልምምድ የሠራ ሰው እያለ፣ ማክሰኞ ከልምምድ የቀረ አባል ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ።

አንቀጽ 8። ስለ ቅጣት

1. አንድ ጊዜ የዘገየ ትልቁን ስፒከር ብቻውን ከባጃጅ ያወርዳል።

2. ሁለት ጊዜ የዘገየ መልሶ ይጭናል።

3. ሦስት ጊዜ የዘገየ ስለ መብራትና ስለ ኪራይ እትዬ የሚናገሩትን ቆሞ፣ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

4. የክፍያውን ያህል የጠጣ አባል በዚያ ምሽት ደንበኛ እንጂ ሙዚቀኛ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ጉርሻም ይጠየቃል።

አንቀጽ 9። ስለተሻሩ ልማዶች

“የሐበሻ ቀጠሮ” በመባል የሚታወቀው ነባር ልማድ ከመድረክ ጋር በተያያዙ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም። በልቅሶ፣ በዕቁብና በስብሰባ ላይ ያለው ክብር እንደተጠበቀ ነው።

አንቀጽ 10። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን በአምፕሊፋየሩ ጀርባ በፕላስተር ተለጥፎ ከታየበት ምሽት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

አዋጁ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሥራ ሳይጀመር ሊጸድቅ ተቀጥሮ የነበረ ቢሆንም፣ አርቃቂው ባጃጅ በማጣቱ ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተዛውሯል። ድምፃዊቷ፣ ድራመሩ፣ ጊታሪስቱና ኪቦርዲስቱ አንብበው፣ ተስማምተው፣ ፈርመው ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ቤዝ ተጫዋቹ በቦታው የነበረ ቢሆንም አልፈረመም። ገመድ እየጠቀለለ ነበር።