ውስጡን ለቄስ

በላስታ ደብሮችና ገዳማት የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ተከቶ፣ በማኅደሩ ጠፍር ከግድግዳ ችካል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ምናልባት ወድቆ የእንጨት ገበታው ቢሰነጠቅ ስንጥቁ በዓይን ስለሚታይ፣ ጠጋኙ ግራና ቀኙን በስቶ በክር ይሰፋውና መጽሐፉ ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል። በዛሬው ዘመን የአስጎብኚውን የእንግዶች ዝርዝር፣ የመምህሩን የፈተና ውጤትና የሰበካ ጉባኤውን ሒሳብ የሚሸከመው ላፕቶፕ ግን እንዲህ ያለ ግልጽነት የለውም፤ ከላይ ሲታይ አንድ ጭረት ሳይገኝበት ውስጡን ለቄስ ሊሆን ይችላል። ላሊበላ ቄስ የማይቸግርባት ከተማ ብትሆንም ይህን መሰሉን ውስጥ መመርመር የባለቤቱ ድርሻ ስለሆነ፣ የምርመራውን ሥርዓት በቅደም ተከተል ማወቅ ይገባል።

በቅድሚያ የውድቀቱ ባሕርይ ይጠናል። 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ የተንሸራተተ ላፕቶፕ 0.4 ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ወለሉ ላይ ይደርሳል፤ ይህም ባለቤቱ «ወይኔ!» ብሎ ለመጨረስ የማይበቃው ጊዜ ሲሆን፣ የመጨረሻው ፍጥነት በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱን ይበልጥ የሚወስነው ዕቃው ለመቆም የሚያገኘው ርቀት ነው፤ በግርድፉ ሲሰላ፣ በድንጋይ ወለል ላይ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ የቆመ ማዕዘን ከክብደቱ 750 እጥፍ የሚደርስ ኃይል ሲያርፍበት፣ 5 ሴንቲ ሜትር በሚሰምጥ ጭድ ላይ የወደቀው ግን 15 እጥፍ ብቻ ይቀበላል። በዚህ መለኪያ ከሄድን የሆቴል ሴራሚክ ወለል ከአውድማ ጋር ሲነጻጸር ኋላ ቀር ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚሄድ መኪና ጣሪያ ላይ፣ በሁለት የጤፍ ማዳበሪያዎች መካከል የተጓዘ ላፕቶፕ ደግሞ ከቶ ሳይወድቅ የወደቀውን ያህል ሊጎዳ ስለሚችል፣ ምርመራው እርሱንም ይመለከታል።

ዕቃ በወደቀበት ሁሉ ሐኪም ይበዛል። አንደኛው «እኔን!» ይላል፤ ሁለተኛው አንሥቶ አቧራውን ያራግፋል፤ ሦስተኛው «እስቲ አብራው!» ብሎ ያዝዛል፤ መብራቷ ብልጭ ስትል «ተመስገን፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ፍርድ ያለ ይግባኝ ይጸናል። ነገር ግን መብራቷ የምትመሰክረው በዚያች ደቂቃ ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ መግባቱን ብቻ ነው። እንዲያውም ከማብራት በፊት ባትሪው መታየት አለበት፤ የሊቲየም ባትሪ ማለት በስስ ሽፋን የተለያዩ አዎንታዊና አሉታዊ ንጣፎች ተደራርበው ወይም ተጠቅልለው የታሸጉበት ስለሆነ፣ በግጭት ሽፋኑ ከተጎዳ ንጣፎቹ ይነካኩና ሙቀቱ ወዲያው ወይም ከሰዓታት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የማያደርገውን ከተንገዳገደ፣ ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ጠፍቶ ሳለ ከሞቀ ወይም እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ ሽታ ከሸተተ፣ ሳይጫኑትና ሳይበሱት ከቤት ውጭ ባዶ ድንጋይ ላይ አድርጎ ባለሙያ መጥራት ነው። ቀደም ሲል የተመሰገነው ጭድ እዚህ ላይ ክብሩን ያጣል።

ባትሪው ነጻ ከወጣ ሁለተኛው ተግባር የሰነዶቹን ቅጂ መያዝ ነው፤ የተጎዳ ዲስክ ገና በፍተሻው ላይ ሳለ ሊሞት ስለሚችል፣ ቅጂ ከፍተሻ ይቀድማል። በተለይ በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ፣ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ከሚሽከረከር ሳህን በላይ የንባብ ራሱ በስስ የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ የሚሠራ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ይህ ራስ አየር የሚፈልግ በመሆኑ አምራቾች ለዲስኩ የከፍታ ወሰን ያበጁለታል፤ የተለመደው ወሰን 3,048 ሜትር ስለሆነ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ላሊበላ ሕጋዊ ናት፤ 4,260 ሜትር ያህል ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ሃርድ ዲስክ ሳይወድቅም ቅሬታ የሚያቀርብበት ስፍራ ነው። ከውድቀት በኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ራሱ ሳህኑን እየፋቀው ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ማጥፋት ይገባል። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው፣ ኤስኤስዲ የተባለው የዲስክ ዓይነት በዚህ ረገድ ጠንካራ ነው። ሁለቱም ግን «ስማርት» የሚባል የጤና መዝገብ ስላላቸው፣ በሃርድ ዲስክ ላይ የተበላሹና የተተኩ ክፍሎችን ቁጥር ዛሬ ጽፎ ከሳምንት በኋላ ማስተያየት ይጠቅማል፤ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ የመሰናበቻ ደብዳቤውን ጽፏል።

ሦስተኛው የማጠፊያው፣ የስክሪኑና የመሰኪያዎቹ ተራ ነው። ክዳኑ በዝግታ ተከፍቶ የሚንቀጫቀጭ ነገር መኖሩ ይደመጣል፤ ስክሪኑ በነጭ፣ ቀጥሎም በጥቁር መደብ ላይ ይታያል፤ ፋኑ ጎን እየነካ አለመሆኑ ይጣራል። የዋይፋይ አንቴና ሽቦ በብዙ ላፕቶፖች በማጠፊያው በኩል ወደ ክዳኑ ስለሚያልፍ፣ በውድቀት የደከመን አንቴና ከወትሮው ደካማ ኔትወርክ ለመለየት ስልክን አጠገቡ አስቀምጦ ማወዳደር ያሻል፤ ያለዚያ የቴሌው ጥፋት በላፕቶፑ ላይ ይፈረዳል። መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ የሚሄድ ላፕቶፕም ባትሪው አገልግሎቱን መተዉን እየመሰከረ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉንም ክፍሎች በሚያገናኘው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ በብየዳዎቹ ውስጥ የሚፈጠረው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነው፤ ማሽኑ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ስንጥቁ እየሰፋ ከሳምንታት በኋላ ያለ ምክንያት የመሰለ መጥፋትን ያመጣል፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ። ይህን የስንጥቅ ትምህርት ላሊበላ በሌላ መልኩ ታውቀዋለች። ከአንድ አለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከመመዝገባቸው በፊትም በኋላም ዋና ፈተናቸው በስንጥቅ ገብቶ ድንጋዩን የሚያዳክመው የዝናብ ውኃ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለጥገና ተብሎ የተቀባውን ሬንጅ፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመሩት ሥራ መልሶ ማስወገድ ነበረበት፤ ቅቡ ስንጥቁን ከዓይን ከመሰወር ያለፈ ፈውስ አልሆነውምና። የላፕቶፑን ማዕዘን በሱፐር ግሉ አጣብቆ፣ በላዩ ተለጣፊ ሥዕል የሚለጥፍ ባለቤትም ሬንጁን ቀብቷል እንጂ አልጠገነም፤ እንዲህ ያለው ጥገና በይበልጥ የሚያገለግለው «አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም» ተብሎ በሚሸጥበት ዕለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ፣ የተሸሸገ ጉዳት በአንድ ቀን የማይገለጥ ስለሆነ ምርመራው ቢያንስ የወር ያህል ክትትል እንደሚፈልግና በዚያ ጊዜ ውስጥ ዋስትና የሚሆነው ቅጂው ብቻ መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ ጠንቃቃ የተባለው የላፕቶፕ ባለቤት ሁሉንም ሰነድ በፍላሽ ገልብጦ ይገኛል፤ ፍላሹ የት እንዳለ ሲጠየቅ ግን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ፣ ለያውም በመሰኪያው ላይ እንደተሰካ፣ አብሮ ወድቆ ተጣምሞ ይታያል።