መግቢያ ያጣው ዲስኬ

እኩዮቼ፣ እኔስ ደኅና ነኝ፤ ማደሪያ ያጣው ሃርድ ዲስኬ ነው። በ1997 ዓ.ም. የገዛሁት ባለ 40 ጊጋባይት፣ ሲያነሱት እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብድ፣ ሲሠራ እንደ ሽሮ ድስት የሚንተከተክ። የእድራችን መዝገብ እሱ ውስጥ ነው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ድንኳኑን ማን ቀደደ።

የልጅ ልጄ አዲስ ኮምፒውተር ገጣጥሞ አመጣልኝ። ክዳኑን ብከፍት ባለ 40 ፒኑ ሰፊ ኬብሌ የሚሰካበት የለም! «አባባ፣ አይዲኢ እኮ ቀርቷል» አለኝ፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው። ለካ ኢንቴል ገና በ2006 እ.ኤ.አ. ከቺፕሴቱ አውጥቶት ኖሯል፤ እኔን ያረዳኝ የለም። መሰኪያው የጠፋበትን ቦርድ ደግሞ ማዘርቦርድ ይሉታል። የገዛ ልጇን ደጅ የምታሳድር ማዘር የት ታውቃላችሁ?

ድሮ ወግ ነበር። ባንድ ኬብል ሁለት ዲስክ ያድር ነበር፤ አንዱ ጌታ፣ አንዱ ሎሌ፣ ማንነታቸውንም የምትለይ አንዲት ጃምፐር ነበረች። እሷ ጠፍታብን ሦስት ቀን ምንጣፍ ስናራግፍ የከረምነው፣ የተጣመመ ፒን በመርፌ ስናቃና ያደርነው... ወይ ደጉ ዘመን! ዲስኬ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ጎኑን መታ መታ ሲያደርጉት ይነሣል።

ዛሬ ሳታ የሚሏት ቀጭን ኬብል 7 ፒን ብቻ ይዛ ትኮራለች። እሷም ባለተራ ናት። ማስቲካ የምታህል ኤንቪኤምኢ መጥታ ቦርዱ ላይ ተጋድማ በአንዲት ብሎን ታስራለች፤ በአንዳንዱ ቦርድማ እሷ ስትገባ አንዱ የሳታ መሰኪያ ሥራ ያቆማል፣ ምራት ስትገባ ከጓዳ እንደምትባረር አማት። ድምፅ እንኳ የላትም። መሥራቷን በምን ልወቅ?

ልጁ ከመርካቶ በዩኤስቢ የሚያገናኝ አዳፕተር ገዝቶ መጣ። ዩኤስቢው 5 ቮልት ነው፣ የኔ ጎበዝ ደግሞ 12 ቮልት ካልጠጣ አይነሣምና ለብቻው የኃይል ገመድ ተጨመረለት። ዲስኬ ተንተከተከ፣ ተነሣ። አቦሉ ሳይወርድ የስንት ዓመት ድካሜን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ጨረሰው! እንዲህ ያለ ጥድፊያ ምን ይሉታል?

ስለዚህ ባለ አይዲኢ አሮጌ ማዘርቦርድ ያላችሁ አትጣሉት፤ እኔ እወስደዋለሁ። ፎቶውን በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ደብዳቤ ማን ይጠብቃል!