ዘግይቶ ስለሚመጣ የደንበኛ አስተያየት፦ ምደባና ጠባይ

በቴሌግራም ቻናል ጫማ በሚሸጥባት አቃቂ፣ ዘግይቶ የመጣ አስተያየት የሚባለው ገዢው ጫማውን ከሞተረኛው ተረክቦ፣ ብሩን በቴሌብር አስገብቶ፣ ስክሪንሾቱን ልኮ፣ ሻጩም ጉዳዩን ጨርሶ ከረሳው በኋላ የሚደርስ ቃል ነው። ስለ ጊዜ ገደቡ ሁለት ታላላቅ አስተምህሮዎች አሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ደግሞ ለገዢዎቹ የአስተያየት መስጫ 60 ቀን ይፈቅዳል። የአቃቂ ገዢ ሁለቱንም በአክብሮት አልፏቸው ይሄዳል።

ዓይነት አንድ፣ ወቅታዊ። ጥቅምት ላይ የተገዛ ጫማ እስከ ሰኔ እንከን አይወጣለትም። ሰኔ ግም ሲል፣ የቱሉ ዲምቱ ጭቃ ሲላቆጥ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ጫማ ውሃ ያስገባል» የሚል መልእክት ይደርሳል። በመካከሉ ስምንት ወር ሙሉ አቧራ ሲያስገባ እንደነበር አይነሳም።

ዓይነት ሁለት፣ የእድር። ኢቤይ በ1996 እ.ኤ.አ. የአስተያየት መስጫውን የከፈተው የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲተማመኑ ነበር። በአቃቂ ችግሩ መተዋወቁ ነው። ገዢዋ ይሉኝታ ስለያዛት ለሻጩ ትንፍሽ አትልም። ለእናቷ ትነግራለች፤ እናቷ በለቅሶ ድንኳን ለሻጩ እናት ያወሩታል፤ ሻጩ ቃሉን የሚሰማው ማታ እራት ላይ ነው። መንገድ ላይ ነገሩ ይፋፋል። «ትንሽ ጠበበኝ» ብሎ የተነሳው «ልጅሽ የሰው እግር አቆሰለ» ሆኖ ይገባል።

ዓይነት ሦስት፣ ቮይስ። ይህ ሰፊ ጥናት ይገባዋል። ገዢው ድምፁን የሚቀዳው መጻፍ ሰንፎ አይደለም፤ ወቀሳን ያለ ሰላምታ መላክ ነውር ስለሆነ ነው። አወቃቀሩ አይዛነፍም። መጀመሪያ ሰላምታ ይመጣል፤ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ሰፈር እያለ ይዘረዘራል። ቀጥሎ የጤና ክፍል ነው፤ የእማማ ወገብ እንዴት እንደሆነ ይጠየቃል። ሦስተኛው ኑሮ ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ ይወገዛል። አራተኛው ምርቃት ነው። ወቀሳው ከዚህ ሁሉ ኋላ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሆኖ ይመጣል። ልክ በዚያች ቅጽበት ገዢው የተሳፈረበት ታክሲ ረዳት «ሳሪስ! ሳሪስ! የሞላ!» ብሎ ይጮኻል።

ሻጩ ደጋግሞ ያዳምጣል። «ያ ጫማ እኮ...» የምትለው ጥርት ብላ ትሰማለች። ከዚያ በደብረ ዘይት መንገድ ሲኖትራክ ያልፋል። አማርኛ ፍርዱን እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ድረስ አያወጣምና፣ ጫማው እኮ ተመቸ ይሁን ተገነጠለ የሚያውቀው ሲኖትራኩ ብቻ ነው።

ቮይስ በንዑሳን ይከፈላል። ሀ፦ ታክሲ ውስጥ የተቀዳ፣ ከላይ የታየው። ለ፦ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የተቀዳ፤ ይህ ከሰላምታው ጀምሮ አይሰማም፣ ስለዚህም ጉዳት የለውም። ሐ፦ ተልኮ የተሰረዘ። ቴሌግራም የተሰረዘ መልእክት ዱካ አያስቀርም። ስልኩ ጢን ይላል፤ ሲከፈት ባዶ ነው። ከሦስቱ እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው። የተሰማ ወቀሳ ልክ አለው፤ ሶል ነው፣ ክር ነው፣ ቁጥር ነው። ያልተሰማው ግን ሌሊቱን ሙሉ ያድጋል፤ ሲነጋ ሻጩ ያላደረገውን ሁሉ አድርጎ ይነሳል። ገዢው ጠዋት ሲጠየቅ «ኧረ በስህተት ተነክቶ ነው» ይላል። ይህ መልስ እስካሁን ማንንም አላሳመነም።

እስከ መጨረሻው የተደመጡ ቮይሶች ግን አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ከወቀሳው በኋላ አጭር ዝምታ አለ። ከዝምታው በኋላ «ለመሆኑ ነጩ፣ 39 ቁጥር፣ አለህ?» ይመጣል። ወደ ኋላ ተመልሰን ሌሎቹን ብንመረምር ያው ነው። ውሃ አስገባኝ ያለው ቡት ፈልጎ ነው። ድንኳን ውስጥ ያወሩት እናት ለልጅ ልጃቸው የመስከረም ጫማ እያሰቡ ነው። ዘግይቶ የመጣ አስተያየት ስላለፈው ጫማ የተሰጠ ምስክርነት ሳይሆን የሚቀጥለው ጫማ የዋጋ ክርክር መክፈቻ ነው። እውነት የከፋው ገዢ ቮይስ አይልክም፤ ዝም ብሎ ቻናሉን ለቆ ይወጣል። ስለዚህ አቃቂ ውስጥ ሊፈራ የሚገባው የተወቀሰ ሻጭ ሳይሆን የሚወቅሰው ያጣ ነው ማለት ይቻላል።

አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ዓይነቶችም ተዘጋጅተው ነበር። ሁሉም ዞረው ዞረው ነጩ 39 ላይ ስለሚወድቁ ምደባው እዚህ ላይ ተቋርጧል። ነጩ አለ። ዋጋው ፊክስ ነው ብለን ለጥፈናል፤ እናታችሁና እናታችን አንድ እድር ናቸውና ግን በውስጥ መስመር እንነጋገርበታለን።