ያበጠው ጥጃ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በአምባሰል፣ የመስቀል ቅርጽ ባላት በግሸን አምባ ግርጌ፣ አንድ የእንስሳት መንደር ነበረ። መስከረም 21 ለማርያም ክብረ በዓል ምእመናን ከየአገሩ ሽቅብ ሲወጡ፣ የመንደሩ አህያ ስንቃቸውን ተሸክሞ ገደሉን ይወጣል። መንደሩን የሚያስተዳድረው አቶ ዝንጀሮ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ የላሚቱ ጥጃ ዓይኖቹ አብጠው ተነሣ። እናቱ ጮኸች፤ መንደሩ ተሰበሰበ።

አያ ጅቦ ጥጃውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ይህማ ውፍረት ነው። እሜቴ ላም፣ ወተቱን ለብቻው ስታጠጪው ከርመሻል» አለ። ጉባኤው ተስማማ። ልጇን ለብቻዋ ያወፈረች ለጎረቤት ታካፍል ተብሎ በየቀኑ አንድ ቅል ወተት ተጣለባት። ላሚቱ አዘነች፤ የቷ እናት አታዝንም?

ወደ ማታ የጥጃው ፊት ጎደለ፣ እግሮቹ ግን ተነፉ። እመት ጦጢት ከዛፏ ወርዳ «እልል በሉ! ጠዋት ዓይኑ ላይ የነበረው ማታ እግሩ ደርሷል፤ ነገ በኮቴው ይወጣል» አለች። እልል ተባለ። በማግስቱ ማለዳ እብጠቱ ተመልሶ ዓይኑ ላይ ተገኘ። አቶ ዝንጀሮም ከረፋድ በፊት ማንም የማንንም ፊት እንዳያይ አዋጅ አስነገረ።

ፍየሏ ግን «ፊቱን ተዉት፤ ሽንቱን አያችሁት? እንደ ጠላ አረፋ ይደፍቃል፣ አረፋውም ቶሎ አይጠፋም» አለች። ጉባኤው ደነገጠ። ሌላው ያላየውን ያየች ዓይኗ ክፉ ቢሆን ነው ተባለና ፍየሏ ከወንዝ ማዶ ተባረረች።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በሬ አበጠ። አህያውም አበጠ። ጥቁሯ በግም አበጠች። ይህን ጊዜ ሽኮኮ ተጠራ፤ ደሴ ውስጥ በሆስፒታል ግንብ ሥር ብዙ ክረምት ኖሮ፣ የሐኪሞችን ወሬ ሲሰማ ያደገ ነው።

«የግሸንን በር ታውቁታላችሁ» አለ ሽኮኮ። «ኩላሊትም እንደዚያ በረኛ ነው፤ ቆሻሻውን ያስወጣል፣ ገንቢውን ያስቀራል። በሩ ሲላላ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን በሽንት ይፈሳል፤ ፍየሏ ያየችው አረፋ እሱ ነው። ውሃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘውም እሱ ነውና፣ ሲያልቅ ውሃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ኩላሊቱም ጨውና ውሃ ያጠራቅማል፤ እብጠቱ ይኸው ነው።»

«በሩን ያላላው ማነው? አንድ ጥፋተኛ ንገረን» አለ አቶ ዝንጀሮ።

«ጌታዬ፣ አንድ አይደለም። እንደ ጥጃው ያለ ሕፃን ሲታመም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም፤ መነሻውም በውል አይታወቅም። ብዙዎቹ በስቴሮይድ ክኒን በ4 ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። በሽታው ሊያገረሽ ይችላልና ክኒኑ ሐኪም ሳያዝ አይቆምም። አዋቂ ሲያብጥ ግን ከኋላው ያለውን መፈለግ ነው። በሬው ስኳር አለበት፤ ስኳሩ ለዓመታት በሩን ሲበላው ኖሯል። አህያው ለወገቡ ሕመም ማስታገሻ በየቀኑ ይውጣል። በጓ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ትቀባለች፣ ቅባቱ ውስጥ ባዜቃ አለ። ሌላውን የጉበት ቫይረስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ ወይም ወባ ያሳብጠዋል። ሌላውን ደግሞ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ይወጋዋል።»

አቶ ዝንጀሮ መዝገቡን ገልጦ «እዚህ ላይ የጥፋተኛ ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው» አለ። መዝገቡንም ዘጋው።

ላሚቱ ግን አልጠበቀችም። ጥጃዋን ይዛ ደሴ ወረደች፤ ሽንቱና ደሙ ተመረመረ፣ ክኒን ታዘዘለት፣ ጨው እንዲቀነስለትም ተነገራት። በሁለተኛው ሳምንት የጥጃው ዓይን ተገለጠ፤ አረፋውም ቀነሰ።

ይህን ያየው ጉባኤ ዳግም ተቀመጠ። «በመንደራችን አድልዎ የለም! እብጠቱ የጋራ ነው፣ ክኒኑም የጋራ ይሁን» ተባለና የጥጃው ክኒን ላበጡት ሁሉ እኩል ተከፋፈለ። የበሬው ስኳር ጣሪያ ነካ። አህያው ክኒኑን ከማስታገሻው ጋር ደርቦ ሲውጥ ጨጓራው ደማ። በጓ ክኒኑን እየዋጠች ቅባቱን መቀባት ቀጠለች። ጥጃው መድኃኒቱ በመሐል ተቋርጦበት ዳግመኛ አበጠ፤ ገንቢው በሽንቱ ስላለቀ ሰውነቱ መከላከል አቅቶት ትኩሳት ያዘው። ጉባኤውም ክኒኑ መርዝ ነው ብሎ ወሰነ፤ ለውሳኔውም እልል ተባለ።

ላሚቱ በዚያው ሌሊት ጥጃዋን እየነዳች ወንዙን ተሻገረች። ማዶ ፍየሏ ቆማ ጠበቀቻት፤ መንገዱንም አብራት ሄደች። ጥጃው ሆስፒታል ተኛ፣ ትኩሳቱ ታከመ፣ መድኃኒቱም እንደገና ተጀመረለት። ከሳምንታት በኋላ ሽንቱ ጠራ። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ እስኪቀንስለት ድረስ ላሚቱ አንድ ቀን አላስተጓጎለችም። በየማለዳው የሽንቱን አረፋ የምታይለት ፍየሏ ነበረች።

በመንደሩ መዝገብ፣ በአንዷ መስመር ላይ፣ የእብጠቱ ምክንያት «ፍየል» ተብሎ ተጽፏል። በሬው የስኳር ምርመራ አልተደረገለትም። አህያው ማስታገሻውን ዛሬም ይውጣል፤ ቅባቱም ገበያ ላይ ይሸጣል።